የፒካፕ ቦዲ ኮምፒውተር አቀያየር፦ ከመፍታት በፊት ምርመራው፣ ከገጠሙ በኋላ ማስለመዱ

ከጥቂት ክረምቶች በፊት አንድ የጤፍ ነጋዴ ከቢቸና ፒካፑን እየነዳ ደብረ ማርቆስ መጣ። ዝናብ ሳይኖር መጥረጊያው ይወዛወዛል፣ በሮቹ በራሳቸው ጊዜ ይቆለፋሉ ይከፈታሉ፣ ፍሬቻው ሳይነካ ይበራል፣ ሲያድር ደግሞ ባትሪው ሙት ነው። «ወንድምዓለም፣ ይችን መኪና እንግዲህ ጠበል ልውሰዳት?» አለኝ። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተሮች የሚያነበውን መሣሪያ) ሰካሁ፤ ዩ0140 ወጣ። ይህ ኮድ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከቦዲ ኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አቅቷቸዋል ማለት ነው። እኔም ሳልቆይ «ቦዲ ኮምፒውተሩ ሄዷል» ብዬ ከአዲስ አበባ አስመጣሁለት። ገጠምኩት፣ ሠራ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ያችው መኪና ያንኑ ችግር ይዛ ተመለሰች።

ለካ የፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ፣ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ እየተንጠባጠበ ሶኬቱ ውስጥ ይገባ ነበር። አሮጌውን ኮምፒውተር አጽድቼና አድርቄ ብመልሰው በደንብ ሠራ። የእጅ ዋጋዬን መለስኩለት፤ ለዕቃው ያወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መቀየሩ ወደ መጨረሻው የተገፋው፣ ምርመራው ግን ብዙ ቦታ የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ምንድን ነው፣ የትስ ነው ያለው?

ቦዲ ኮምፒውተር ሞተሩን አያዝም። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ መጥረጊያ፣ የበር ቁልፍ፣ የመስኮት መስታወት፣ የጓዳ (የጋቢና) መብራት፣ በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ቁልፉን አውቆ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ክፍል በእሱ ሥር ናቸው። ቶዮታ «ሜይን ቦዲ ኢሲዩ» ይለዋል፣ ሚትሱቢሺ «ኢታክስ»፣ ኒሳንና ፎርድ «ቢሲኤም»። በአብዛኛው ከሾፌሩ ጉልበት በላይ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል፤ በአንዳንዶቹ በተሳፋሪው በኩል ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። ሁለቱም ቦታ ውሃ ከመስታወት ሥር ሲገባ ቀጥታ የሚወርድበት መሆኑን ልብ በሉ።

እኛ አገር ላይ የሚገድለው

በራሱ ጊዜ አርጅቶ የሞተ ቦዲ ኮምፒውተር ያየሁት ጥቂት ነው። የጎጃም ክረምት ረጅም ነው፤ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው የአዊ አገር ደግሞ ዝናቡ የባሰ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዳይ ውሃ ነው፦ የተደፈነ መውረጃ፣ ተቀይሮ በደንብ ያልተጣበቀ የፊት መስታወት፣ ፒካፑን ሲያጥቡ ወደ ጓዳው የሚለቀቅ የቱቦ ውሃ።

ሁለተኛው አይጥ ነው። ጤፍና በቆሎ የሚጭን ፒካፕ ጓዳው ውስጥ ሁልጊዜ የተበተነ እህል አለ። አይጧ እህሉን ብላ ስትጨርስ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትተኛለች፣ የሽቦ ልባሱንም ትልጣለች። የተበላሸው ኮምፒውተሩ ሳይሆን አምስት ሳንቲ ሜትር ሽቦ የሆነበት ስንት ጊዜ ነው!

ሦስተኛው በጣም የሚያበሳጨኝ ነው። ባትሪ መንገድ ላይ ሲሞት ቀድሞ ቆሞ የሚረዳው የጭነት አይሱዙ ነው፤ ሾፌሮቹ ደጎች ናቸው። ግን ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረላቸው 24 ቮልት ናቸው፣ ፒካፑ ደግሞ 12 ቮልት። ኬብሉን በሁለቱ ባትሪዎች ጫፍና ጫፍ ካሰራችሁት ፒካፑ በእጥፍ ይመታል። የግድ ከሆነ አይሱዙው ሞተሩ ይጥፋ፤ ከዚያ ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር ከታሰረው አንድ ባትሪ ብቻ ተበደሩ። ከማሰራችሁ በፊት በቴስተር ለኩት፤ 12 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት።

አራተኛው ብየዳ ነው። የጭነት ሳጥኑን ወይም የእንጨት መጫኛውን ብረት ለመበየድ ሲሄዱ ባትሪውን ማንም አይፈታም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ የብየዳውን የማሳ (ወደ ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) መቆንጠጫ ደግሞ ከሚበየደው ብረት አጠገብ አስይዙ።

ኮምፒውተሩን ከመክሰስ በፊት

ባለቤቱን ጠይቁ፤ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ሆነ? ዝናብ? እጥበት? ብየዳ? አላርም ተገጠመለት? አላርም የሚገጥሙ ሰዎች የፍሬቻና የበር ሽቦ ልጠው፣ ሳይበይዱ ጠምዝዘው በናስትሮ ይሸፍኑታል፤ ከዓመት በኋላ ናስትሮው ይላቀቃል። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ቀጥሎ ባትሪ። ያደረ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። ሞተሪኖ ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ደክሟል። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.7 ይስጥ። ቮልት ሲወርድ ኮምፒውተሮች ቀድመው ይዛባሉ፤ ስካነሩም የሐሰት ኮዶች ይደረድርላችኋል። ስለዚህ ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ኮዶቹን ጽፋችሁ ያዙ፣ አጥፉ፣ ነድታችሁ የሚመለሱትን ብቻ እመኑ።

የኮምፒውተሩን ማሳ በኦም መለካት ብዙ አይረዳም፤ አንዲት የሽቦ ክር ብቻ ብትቀርም ጥሩ ያነባል። ጭነት ላይ ለኩት፦ የፊት መብራትና ማራገቢያ አብሩ፣ የቴስተሩን ቀይ በኮምፒውተሩ የማሳ ፒን ጀርባ፣ ጥቁሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት በታች ጥሩ ነው፤ ከ0.2 ካለፈ ማሳው የታሰረበትን ቡሎን ፍቱ፣ ዝገቱን ፍቁ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ከሾፌሩ እግር አጠገብ ያለው የማሳ ቡሎን ከምንጣፉ ሥር ውሃ ሲጠራቀም የሚዝገው እሱ ነው።

ለፊውዞቹ አንዲት የፍሬቻ አምፖል ያዙ፣ 21 ዋቱን። ሁለት ሽቦ በስታኞ በይዱባት። ይህች አምፖል ከብዙ ውድ መሣሪያ ትበልጥብኛለች። የተበላ ሽቦ ላይ ቴስተር ሲደረግ 12 ቮልት ሞልቶ ያነባል፤ አምፖሏ ስትያዝ ግን ቀላ ብላ ትቀራለች ወይም አትበራም፤ ሁለት አምፔር የማይሞላ እንኳ የመሸከም ጉልበት የለውም ማለት ነው። ቦዲ ኮምፒውተር የሚመገበው በአንድ ፊውዝ ብቻ አይደለም፤ ብዙ መግቢያዎች አሉት፣ ሁሉንም እያንዳንዳቸውን በአምፖሏ ፈትኑ። አንዱ ሲቋረጥ መጥረጊያው ሠርቶ ፍሬቻው ይሞታል፣ ኮምፒውተሩም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። የአየር ከረጢት (ኤርባግ) ሽቦ ላይ ግን አምፖል አታስጠጉ፤ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ መጠቅለያ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ከዚያ ምንጣፉን ግለጡ። እጃችሁን ከሥሩ ባለው ስፖንጅ ላይ ጫኑ፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ይሆናል። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በፊት መስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ውሃ ያፍስስ፣ እናንተ ውስጥ ተንበርክካችሁ በባትሪ መብራት ወደ ላይ ተመልከቱ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ከየት እንደምትመጣ ካያችሁ ሥራው ተጋምሷል።

ስካነሩ ላይ

ቦዲ ኮምፒውተሩ ለስካነሩ የሚመልስ ከሆነ ጥሩ ዕድል ነው። ሁለት ነገር ጠይቁት። መጀመሪያ የቀጥታ መረጃውን ክፈቱና የፍሬቻ እጀታውን ንኩ፤ ስክሪኑ ላይ «ጠፍቷል» የሚለው ወደ «በርቷል» ይቀየራል? ካልተቀየረ ችግሩ ከማብሪያው እስከ ኮምፒውተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛ በስካነሩ ራሱ ፍሬቻውን እንዲያበራ እዘዙት። ትዕዛዙን ተቀብሎ፣ ከመውጫ ፒኑ ላይ ግን ምንም ካልወጣ፣ መግቢያውና ማሳው ደህና መሆኑም ከተረጋገጠ፣ አሁን ኮምፒውተሩን መጠርጠር ይቻላል። ከፒኑ ወጥቶ አምፖሉ ካልበራ ግን ሽቦው ነው።

ጭራሽ የማይመልስ ከሆነ መገናኛ መስመሩን ለኩ። ባትሪውን ፍቱ፣ በስካነር ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ኦም ለኩ። በካን መስመር (ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ጥንድ ሽቦ) ሁለት ጫፍ ላይ 120 ኦም ያላቸው ሁለት ሬዚስተሮች ስላሉ አንድ ላይ 60 ኦም ያነባል። 120 ካነበበ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። የተነካኩት ከሆነ እያንዳንዱን ኮምፒውተር በየተራ ከሶኬቱ እየነቀላችሁ ንባቡን ተከታተሉ፤ አንዱ ሲነቀል ከተስተካከለ እሱ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የቦዲው መስመር በሁሉም መኪና በእነዚህ ፒኖች አይወጣም። በብዙ ፎርዶች ለምሳሌ ሁለተኛው መስመር በ3ኛና 11ኛ ፒን ነው። የመኪናውን የሽቦ ሥዕል ሳትይዙ አትፍረዱ።

ዕቃው

አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። የዕቃ ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ መሆን አለበት፤ «ሳጥኑ ይመሳሰላል፣ ሶኬቱም ይገባል» አይበቃም። ያገለገለ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ ሻጩ የወረቀቱን ፎቶ በስልክ ሳይልክላችሁ ብር አትላኩ። መሪው በግራ ከነበረ መኪና መሆኑንም ጠይቁ፤ ከታይላንድና ከጃፓን የሚመጡት በአብዛኛው ከቀኝ መሪ መኪና የወጡ ናቸው፤ እነዚህ ለእኛ መኪና ላይገጥሙ ይችላሉ። የተከፈተ ሽፋን፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ያለበት ፒን ካያችሁ መልሱት።

አሮጌው ቢሞትም አትጣሉት። የመኪናው ምርጫዎች፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የቁልፉ ምሥጢር እዚያ ውስጥ ባለች ትንሽ ማስታወሻ ቺፕ ላይ ተጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ሞቶ ቺፗ ደህና ልትሆን ትችላለች፤ ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አንብቦ ወደ ተተኪው ይገለብጣታል። ይህ ከተሳካ ከታች ያለው የማስለመድ ሥራ፣ ማለትም ተተኪው መኪናውንና ቁልፎቹን እንዲያውቅ ማድረጉ፣ አብዛኛው ይቀራል።

አቀያየሩ

1. አሮጌው የሚናገር ከሆነ ዛሬውኑ ቅንብሩን በስካነር አንብባችሁ አስቀምጡ። ነገ ላይናገር ይችላል።

2. የባለቤቱን ቁልፎች ሁሉ አስመጡ፤ ቤት የቀረውን፣ ወንድሙ ጋ ያለውንም። ቁልፍ ሲለመድ አብረው ያልቀረቡት በብዙ መኪኖች ይሰረዛሉ። ሊብሬውንም ይዞ ይምጣ፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መኪና ላይ ቁልፍ አላስለምድም፣ እናንተም አታስለምዱ።

3. የሾፌሩን መስኮት ዝቅ አድርጉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። በሥራው መሃል በሮቹ በራሳቸው ሊቆለፉ ይችላሉ።

4. የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ፍቱ። የአየር ከረጢቱ ያጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፣ እኔ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። በዚህ መሃል ቡና ይፈላል።

5. ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ አውጡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ነው፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ጥርሱ ይሰበራል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ። ካቻቢቴ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ተጠቀሙ።

6. ሶኬቶቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ፣ ከዚያ በናስትሮ ቁራጭ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ምልክት። ባዶ ብረት ነክታችሁ የሰውነታችሁን ኤሌክትሪክ አራግፉ። ሶኬቱ መቆለፊያ እጀታ ካለው እጀታው እስከ መጨረሻው ሳይዞር አይወጣም፤ ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ።

7. አሁን ሶኬቱን ወደ ብርሃን አዙሩትና እያንዳንዱን ቀዳዳ ተመልከቱ። ጤነኛ ፒን ያብለጨልጫል። ውሃ የነካው ጠቆር ይልና ጥጉ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ይይዛል፤ በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል። በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። ቤንዚን አይሆንም። የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውሃ ነውና ለዚህ አይመረጥም። ፒኑ ተበልቶ ከቀጠነ ፒኑ ራሱ ይቀየር፤ በበሰበሰ ሶኬት ላይ አዲስ ኮምፒውተር መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

8. ተተኪውን አስሩ፣ ሶኬቶቹን «ቀጭ» እስኪሉ ግፉ፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻ መልሱ። ሞተር ለማስነሳት አትቸኩሉ።

ማስለመዱ

ከሥራው ሁሉ እጄ የሚፈራው ይህን ነው። ቅንብር እየተጻፈ ሳለ ቮልት ከወረደ ወይም ከተቋረጠ አዲሱ ኮምፒውተር እዚያው ሊሞት ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ በግድግዳ ቻርጀር አልተማመንም፤ የሞላ ሌላ 12 ቮልት ባትሪ ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አስራለሁ። የፊት መብራት፣ ማራገቢያ፣ ቴፕ ይጥፉ። ላፕቶፑ ቻርጅ ይሙላ፣ ኢንተርኔቱም ቀድሞ ይሞከር። ሲጻፍ በር አይከፈት።

ቀሪው እንደ መኪናው ነው። በብዙ ሃይሉክሶች የቁልፉ ሥራ በሌላ ሳጥን ስለሆነ መቀየሩ ይቀላል፣ ምርጫዎቹን በቶዮታው የስካነር ፕሮግራም በቴክስትሪም ማየት ብቻ ይቀራል። ሚትሱቢሺ ላይ ኢታክሱ በኩባንያው ስካነር በኤምዩቲ-3 የሻንሲ ቁጥሩና የመኪናው ምርጫዎች ካልተጻፉለት በትክክል አይሠራም። በብዙ ኒሳኖች ቁልፉን የሚያውቀው ቢሲኤሙ ራሱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ባለ 5 አኃዝ ቁጥር የማስለመጃው ምሥጢር ቁጥር ስለሚወጣ፣ ያገለገለ ከገዛችሁ ወረቀቱ እንዳይላጥ። ፎርድ ላይ የቀድሞውን ቅንብር ፎርስካን በሚባለው የላፕቶፕ ፕሮግራም አንብቦ ማስቀመጥና መልሶ መጻፍ ይቻላል፤ ቁልፎቹ ከተሰረዙ ግን በብዙዎቹ ሁለት ቁልፍ ሳይለመድ ሞተሩ አይነሳም።

ሲያበቃ ኮዶቹን አጥፉ። የመስኮቱ መስታወት በአንድ ንክኪ የማይወጣ ከሆነ ሙሉ ዘግታችሁ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ ይዛችሁ ቆዩ፤ በብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚለመደው።

ከመስጠታችሁ በፊት

ዞራችሁ ፈትኑ፦ እያንዳንዱን መብራት፣ እያንዳንዱን በር፣ መጥረጊያውን በሁሉም ፍጥነት፣ ክላክሱን። ከዚያ የእንቅልፍ ፈተናው ይቀጥላል። የሾፌሩን በር ክፍት ትታችሁ መቆለፊያ ጥርሱን በካቻቢቴ ግፉት፤ ኮምፒውተሩ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው ከኔጌቲቩ ጋር በተከታታይ አስሩና ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተዉት፤ ቁልፉም ከመኪናው ይራቅ። መጀመሪያ ብዙ ይስባል፣ ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ሲተኙ ይወርዳል። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከወረደ መኪናው በሰላም ያድራል። ካልወረደ አንድ የማይተኛ ነገር አለና ገና አታስረክቡ። ካቻቢቴውን አስታውሳችሁ ጥርሱን መልሱት፤ ሳትመልሱ በሩ ከተገፋ ጥርሱ ይጣመማል።

መውረጃውን አጽዱ፣ ሽቦው ከኮምፒውተሩ ሶኬት በፊት ዝቅ ብሎ ተመልሶ እንዲወጣ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ውሃ ቢመጣ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ ከታች ጠብ ይላል። መኪናውን በውሃ አርሳችሁ ምንጣፉን እንደገና ንኩ።

አሮጌውን ኮምፒውተር በካርቶን ጠቅልላችሁ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የተቀየረበትን ቀን ጽፋችሁበት፣ ለባለቤቱ ስጡት። «ቤት አስቀምጠው፣ ከደረቅ ቦታ፤ ልጆች እንዳይከፍቱት» በሉት።